አዳፕቲቭ ኮንትሮለር ከመክፈታችሁ በፊት ቫልቩን እዩት

ሎፕ (ሴንሰሩ፣ ኮንትሮለሩና ቫልቩ ተያይዘው የሚሠሩበት ዑደት) ሲወዛወዝ ብዙዎቻችን ቶሎ የምንለው «አዳፕቲቩን ክፈተው፣ ራሱ ያስተካክለዋል» ነው። አዳፕቲቭ ማለት ከፕሮሰሱ እየተማረ የራሱን ቁጥሮች የሚቀይር ኮንትሮለር ነው። ቆይ፣ ቆይ። መጀመሪያ ሎፑን ማኑዋል ላይ አድርጉት፣ ማለትም ቫልቩን ኮንትሮለሩ ሳይሆን እናንተ እዘዙት። መወዛወዙ ካልቆመ ከሌላ ቦታ የሚመጣ ነው፣ ኮንትሮለሩን አትነካኩት። ከቆመ ግን ጥፋቱ እዚያው ሎፑ ውስጥ ነው። አውትፑቱን (ወደ ቫልቩ የሚሄደውን ትእዛዝ) በግማሽ በግማሽ ፐርሰንት ጨምሩና ሁለት ሦስቴ ምንም ሳይል ቆይቶ ድንገት ዘለል ካለ፣ ቫልቩ ይይዛል (ይጣበቃል) ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቫልቭ ላይ አዳፕቲቭ ከከፈታችሁ የቫልቩን ችግር የፕሮሰሱ ጠባይ አድርጎ ይማረዋል። ፓኪንጉን (የቫልቩን ዘንግ ዙሪያ የሚያሽገውን) እና ፖዚሽነሩን (ቫልቩን የታዘዘበት ቦታ ላይ የሚያደርሰውን) አስተካክሉ፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ቫልቩ ደህና ከሆነ የሚቀረው ጥያቄ ፕሮሰሱ ጠባዩን ይቀያይራል ወይ የሚለው ነው። የፍሳሽ ውሃን ፒኤች ማስተካከል ዋነኛው ምሳሌ ነው። ፒኤች በአንድ ቁጥር ሲለወጥ አሲድነቱ 10 እጥፍ ይለወጣል። ስለዚህ 3 ላይ ያን ሁሉ ካስቲክ ሶዳ ጠጥቶ ንቅንቅ ያላለ ውሃ፣ 7 አጠገብ ሲደርስ በትንሽ ጠብታ ያመልጣችኋል። አንድ ጌይን (ኮንትሮለሩ ለስህተት የሚሰጠው ምላሽ መጠን) ለሁለቱም አይሆንም።

እኔ ብሆን በሰንጠረዥ እጀምራለሁ፦ 7 አካባቢ ትንሽ ጌይን፣ ራቅ ሲል ትልቅ። ቁጥሮቹን ለማግኘት አውቶቱን (ኮንትሮለሩ ራሱ ሞክሮ ቁጥር የሚያወጣበት ተግባር) ይረዳል። ግን ቫልቩን ሆን ብሎ ከፍ ዝቅ ስለሚያደርገው ለተረኛው ኦፕሬተር ቀድማችሁ ንገሩት፣ አለበለዚያ ደንግጦ መሀል ላይ ማኑዋል ያደርግባችኋል።

ሰንጠረዡ የሚከሽፈው የፍሳሹ ይዘት ሲቀያየር ነው። ካርቦኔት ሲበዛና ሲያንስ ፒኤቹ ያው ሆኖ የሚፈልገው ካስቲክ ይለያያል። እውነተኛው አዳፕቲቭ የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

ስትከፍቱት ለጌይኑ ከላይም ከታችም ገደብ አስቀምጡ። ትልቁ አደጋ ደግሞ ጸጥታ ነው፦ ፕሮሰሱ ለሰዓታት ሳይነቃነቅ ሲቆይ ኮንትሮለሩ የሚማረው ነገር ስለሚያጣ ከሴንሰሩ ኖይዝ (ትርጉም ከሌለው ጥቃቅን መንቀጥቀጥ) መማር ይጀምራል፣ ጌይኑ ቀስ እያለ ይንሸራተታል፣ ከዚያ አንድ ረብሻ ሲመጣ ሎፑ ያብዳል። ስለዚህ ምልክቱ ሲረጋ፣ ቫልቩ 0 ወይም 100 ላይ ሲደርስ፣ ፒኤች የሚለካው ኤሌክትሮድ ለማጽዳት ሲወጣ መማሩን እንዲያቆም አድርጉ። የመጨረሻውን በተለይ ሰው ይረሳዋል፤ ቴክኒሻኑ ኤሌክትሮዱን ባልዲ ውስጥ ሲነክረው ኮንትሮለሩ ባልዲውን ያጠናል።

የድሮዎቹን የፒአይዲ (የተለመደው፣ የማይማረው ኮንትሮለር) ቁጥሮች ደግሞ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ የካቢኔቱ በር ላይ ለጥፉ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚፈልጋቸው ሰው አይጠፋም።