በዶት ኢቲኤች (.eth) የሚያልቅ አድራሻ ገዛሁ፤ ለምን አይከፍትም?

ስልክ አጥፍቶ ማብራትን፣ ኔትወርክ ማየትን፣ የስፔሊንግ ስህተትን ዘልያለሁ። እነሱን ሳታዩ አትደውሉልኝ።

ምልክቱ፦ እናንተ ጋ ይከፍታል። ደንበኛችሁ ስልክ ላይ «አድራሻው አልተገኘም» ይላል።

ምክንያቱ፦ ተራ ብሮውዘር ስም የሚፈልገው አይካን (የኢንተርኔት ስሞችን የሚያስተባብረው ዓለም አቀፍ ድርጅት) ከሚያስተዳድረው አንድ ሥር፣ ማለትም ከስሞች ዋና ዝርዝር፣ ተነስቶ ነው። ዶት ኮም እዚያ አለ፤ የእኛው ዶት ኢቲም አለ። ዶት ኢቲኤች ግን የለም። እሱ የተመዘገበው ኢቴሪየም በሚባለው ብሎክቼን (ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ የሚይዙት የክሪፕቶ መዝገብ) ላይ ነው። እንደ ብሬቭ ያለ ብሮውዘር እዚያ ሄዶ መጠየቅ ይችላል። የደንበኛችሁ ስልክ አይችልም።

የሐበሻው ጣጣ ደግሞ ለብቻው ነው። ምግብ ቤት ያለው አንድ ወዳጄ ታፔላ አሠርቶ፣ ሜኑ አሳትሞ ከጨረሰ በኋላ ደወለ። «ኢቲኤች ኢትዮጵያ ማለት አይደል እንዴ?» አለኝ። አልተሳሳተም፤ በዓለም አቀፉ ባለ 3 ፊደል የአገራት ኮድ ኢቲኤች እኛ ነን። የተሸጠለት ግን የኢቴሪየም ስም ነው። ሻጩ ይህን ሳይነግረው ብር ተቀብሏል። እንዲህ ያለው ነገር ያናድደኛል። ከእሱ ወዲህ ሦስት ሰው በዚሁ ጉዳይ መጥቶብኛል። «ነገ አይካን ይቀበለዋል» የሚላችሁንም አትስሙ፤ አዲስ መጨረሻ ለሚጠይቁ የወጣው የአይካን የ2012 የአመልካቾች መመሪያ ባለ 3 ፊደል የአገር ኮዶችን ለማንም አይፈቅድም።

መፍትሄው፦ ተራ ስም ግዙ፤ ታፔላው ላይ እሱን አጽፉ። ዶት ኢቲኤቹን ለዋሌታችሁ (ክሪፕቶ ለምትይዙበት መተግበሪያ) አስቀሩት። የግድ ይከፈት ካላችሁ መጨረሻው ላይ ዶት ሊሞ (.limo) ጨምሩ፤ በማንኛውም ብሮውዘር ይሠራል። ግን መጀመሪያ የስሙን የይዘት መዝገብ (ገጹ የት እንዳለ የሚጠቁመውን) እዩ። ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ ነው የማገኘው። ስም መግዛት ገጽ መሥራት አይደለም!

እንደ ሊሞ ያለውን ድልድይ ደግሞ በጣም አትመኑት። ከሊሞ በፊት ሰው የሚጠቀመው በኢቲኤች ዶት ሊንክ (eth.link) የሚያልፈውን ነበር። በ2022 የዚያ ስም የእድሳት ጊዜ አልፎ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። «ማንም አይነጥቀንም» የሚለው የዶት ኢቲኤች ሥርዓት በተራ ዶሜይን ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው።

አድራሻው ሌላ ሰው ገጽ ላይ ከወሰዳችሁ፦ ሁለት ሥር አንድ ስም ይዘዋል። መፍትሄ የለውም። በ2001 አይካን ዶት ቢዝን ሲያስገባ ከአይካን ውጭ የራሱን ሥር የሚያስተዳድረው ፓሲፊክ ሩት የራሱ ዶት ቢዝ ነበረው። አርኤፍሲ 2826 የሚባለው የኢንተርኔት ባለሙያዎች ሰነድ ሥሩ አንድ ይሁን ብሎ በ2000 ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነው። አይካን ላይ ቅሬታ ያላቸውን እረዳለሁ፤ ስም ግን ሁሉም ሰው አንድ ቦታ ካልጠየቀ ስም አይሆንም።

የኦፕንኒክ (ከአይካን ውጭ ያለ ሌላ ሥር) ዲኤንኤስ፣ ማለትም ስም ፈላጊ ሰርቨር፣ አስገብታችሁ ካልሠራ፦ ብሮውዘሩ የራሱን ዲኤንኤስ እየተጠቀመ ነው። ሴቲንግ ውስጥ «ሴኪዩር ዲኤንኤስ» የሚለውን አጥፉ።

የዋሌቱ ምስጢራዊ ቃላት (ዋሌቱን መልሰው የሚከፍቱት) ከጠፉ፦ ስሙም አብሮ ጠፍቷል። እኔም ሆንኩ ሌላ ሰው አናወጣውም። ለሚያወጣ ሰው ብር እንዳትከፍሉ፤ ሌባ ነው።