ሰማያዊ ስክሪን በመጣ ቁጥር የምንሠራቸው ስህተቶች

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ያለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ አለ። ዊንዶውስ 10 እና ጄሊፊን የሚባል የፊልም ማሰራጫ ፕሮግራም ጭኜበት የቤቱን ፊልም፣ ዘፈንና የሰርግ ቪዲዮ ለቲቪውም ለስልኩም ያዳርሳል። አምና ድንገት ስክሪኑ ሰማያዊ እየሆነ ይቆም ጀመር። አንዳንዴ በቀን ሁለቴ፣ አንዳንዴ ደግሞ ሳምንት ሙሉ ደህና ነው። መጨረሻ ላይ ጥፋተኛው አንድ ራም (ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ) ሆኖ ተገኘ። እዚያ እስክደርስ ግን ያልተሳሳትኩት ነገር የለም። ድሬ ላይ አንቱታ አንወድምና፣ አንተ እያልኩ ልቀጥል።

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ቀድሞ ፎርማት ማስደረግ ነው። ከዚራ ወዳለ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት፤ ልጁ ገና ሳይከፍተው «ፎርማት ነው የሚፈልገው» አለኝ። ከፈልኩ። ቤት በገባ በአራተኛው ቀን ያው ሰማያዊ! ዊንዶውስ የብልሽቱን መዝገብ የሚያስቀምጥበት ሚኒደምፕ የሚባለው ፎልደርም አብሮ ተጠርጓል። የሌባውን ዱካ ጠርጎ ሌባ ፍለጋ እንደመውጣት ነው።

ሁለተኛው፣ ኮዱን ሳያነቡ ማለፍ። የብልሽቱ ስም ስክሪኑ ላይ ይጻፋል፤ ግን ኮምፒውተሩ ወዲያው ሪስታርት ስለሚያደርግ ሳታየው ያመልጥሃል። «አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ» ውስጥ «ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ» ግባና «ኦቶማቲካሊ ሪስታርት» የሚለው ላይ ያለውን ምልክት አጥፋው። ከዚያ ስክሪኑን በስልክህ ፎቶ አንሳው፤ ቀኑና ሰዓቱም አብሮ ይቀመጥልሃል።

ሁሉን ነገር በመብራት ማላከክም አለ። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተር ድርግም ብሎ ይጠፋል እንጂ ሰማያዊ አያሳይም። ሰማያዊ ካሳየ ዊንዶውስ ራሱ ነው ያቆመው። በዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» የሚለውን አይተህም አትደንግጥ፤ በሥርዓቱ ሳይዘጋ ጠፋ ከማለት ውጪ ብዙ ጊዜ ምክንያቱን አይነግርህም። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚይዘው ባትሪ) ጥሩ ነገር ነው፣ የተበላሸ ራም ግን አያድንም።

ኮዱን እንደ ፍርድ መውሰድም ያሳስታል። «ሜሞሪ ማኔጅመንት» ስላለ ብቻ ራም ልገዛ ብለህ አትሩጥ፤ ድራይቨርም (ዊንዶውስን ከዕቃው ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) እንዲህ ያስብላል። አንድ ፎቶ ሳይሆን አራት አምስት ፎቶ አወዳድር። ሁሌም የአንድ ድራይቨር ስም ከመጣ፣ ወይም ጄሊፊን ፊልሙን ለቲቪው ወይም ለስልኩ እንዲስማማ አድርጎ በሚለውጥበት ሰዓት ብቻ ከሆነ፣ መጀመሪያ የግራፊክስ ድራይቨሩን ጠርጥር። የኔ ግን በመጣ ቁጥር ስሙን ይቀያይር ነበር። እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ ዕቃው ነው፣ በተለይ ራሙ።

ራሙንም ለይስሙላ ፈትሼው ነበር። የዊንዶውሱ አጭር ፍተሻ «ችግር የለም» አለኝና አመንኩት። ሁለት ሳምንት የለፋሁት በዚያ ነው። በኋላ ሜምቴስት 86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ፍላሽ ላይ አድርጌ ማታ 3 ሰዓት ላይ ጀመርኩት። ጠዋት ቡና ሲፈላ ስነሳ ስክሪኑ በቀይ መስመር ተሞልቷል። አንድ ስህተት ብቻ ቢያገኝም በቂ ነው። ከዚያ ሶኬቱን ነቅለህ፣ ራሞቹን አውጥተህ፣ ወርቃማ ጫፋቸውን በላጲስ ጠርገህ አንድ በአንድ ለየብቻ ፈትሻቸው። የኔ አንደኛው ንጹሕ ነበር፤ በኋላ ገዝቼ የጨመርኩት ሁለተኛው ነው የታመመው።

ሙቀቱን አትርሳ። ኮምፒውተሩ ቡፌ ውስጥ ነበር፤ እናቴ ደግሞ እንዲያምር ብላ ዳንቴል አልብሳዋለች። ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ድሬ በሯን ዘግታ በምታርፍበት፣ ቤት ሙሉ ሰው ፊልም በሚያይበት ሰዓት ነበር አብዝቶ የሚወድቀው። ሙቀት ብቻውን ኮምፒውተሩን ያዘገየዋል ወይም ያጠፋዋል፤ ጫፍ ላይ የደረሰ ዕቃን ግን ገፍቶ ይጥለዋል። አቧራውን በአየር ስታስወጣ ፋኑን በጣትህ ያዘው፣ እንዳይሽከረከር።

ራም፣ ድራይቨርና ፓወር ሰፕላይ ባንዴ አትቀይር። ቢድን እንኳ በምን እንደዳነ አታውቅም። አንዱን ቀይርና በሦስት ቀን አንዴ የሚወድቅ ከሆነ ሳምንት ጠብቅ።

«ከርነል ዴታ ኢንፔጅ ኤረር» ካየህ ግን አትጠብቅ። ብዙ ጊዜ ዲስኩ ወይም ኬብሉ ነው። ብዙ ሰው ሮጦ ቼክ ዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ የዲስክ መፈተሻ ያስጀምራል፤ የደከመ ዲስክ ግን በዚያ ልፋት ጭራሽ ሊሞት ይችላል። መጀመሪያ ፋይልህን ሌላ ቦታ ገልብጥ። እኔ የጀመርኩት ከእህቴ የሰርግ ቪዲዮ ነበር፤ ሌላ ኮፒ አልነበረውም።