የሕፃን ቃል በችሎት ሲመዘን፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በሕፃናት ላይ የሚፈጸም የወሲብ ጥቃት አብዛኛውን ጊዜ ዓይን ምስክር የለውም። መዝገቡ ችሎት ሲደርስ ዋናው ማስረጃ የሕፃኑ ቃል ይሆናል። ሚዛኑ ከተዛባ ወይ በዳዩ በነጻ ይሄዳል፣ ወይ ያልበደለ ሰው ወኅኒ ይወርዳል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሐኪም ወረቀት ፍርድ መጠበቅ

“ምርመራው ምንም ጉዳት አላሳየም” የሚል ወረቀት ሲቀርብ ብዙ ሰው ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ጥቃት ሁሉ ግን ቁስል አይተውም፤ የልጅ ገላ ቶሎ ይድናል፤ ምርመራውም ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደረገው። በ1994 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ጥቃቱ በሕግ የተረጋገጠላቸውን 236 ሕፃናት ውጤት ሲያይ፣ ያልተለመደ ምልክት የተገኘው በ14 በመቶው ላይ ብቻ ነበር። ስለዚህ ባዶ ውጤት ተከሳሹን ነጻ አያወጣም፤ ክሱንም አያጠናክርም። ሐኪሙ “ግኝቱ ከተነገረው ጋር አይቃረንም” ሲል “ጥቃቱ ደርሷል” ማለቱ አይደለም፤ ይህን ልዩነት የሚስቱ ጠበቆች ጥቂት አይደሉም።

ዝምታን መተርጎም

“እውነት ቢሆን ያኔውኑ ይናገር ነበር” የሚለው ክርክር ደካማ ነው። ፍርሃት፣ ማስፈራሪያና እፍረት አፍ ይዘጋሉ፤ አጥቂው የቤት ሰው ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ተቃራኒው ስህተትም አለ። ሮላንድ ሰሚት የተባሉት የሥነ አእምሮ ሐኪም በ1983 ምስጢር መጠበቅን፣ ዘግይቶ መናገርንና ቃልን መካድን ያካተተ የባሕርይ ዝርዝር አወጡ። ዝርዝሩ ጥቃት መድረሱን ለማረጋገጥ የታሰበ አልነበረም፤ በችሎት ግን ሕፃኑ ቢናገርም ቢክድም ለክሱ መደገፊያ ሆነ። የአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 ከዘግይቶ መናገር በስተቀር ሌላው በቂ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም ብሎ በሩን ዘጋ።

መልሱን ይዞ ጥያቄውን መርሳት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ሕፃኑ ምን አለ ከማለት በፊት ምን ተብሎ ተጠየቀ መባል አለበት። በዚያው በኒው ጀርሲ አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት በ1988 በ115 ክሶች ጥፋተኛ ተብላ 47 ዓመት ተፈረደባት። በ1993 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረ፤ በ1994 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን አጸና። ምክንያቱ አጠያየቁ ነበር፦ መሪ ጥያቄ (መልሱን በውስጡ የያዘ) ይደጋገማል፣ ሌሎች ልጆች ምን እንዳሉ ይነገራል፣ ለሚፈለገው መልስ ማባበያ ይቀርባል።

“እሱ ነካህ፣ አይደል?” ተብሎ የመጣ “አዎ” እና “የሆነውን ሁሉ ንገረኝ” ተብሎ የመጣ ታሪክ አንድ ዋጋ የላቸውም። ሕፃኑ ሳይጠየቅ ያወጣው ዝርዝር፣ በራሱ የልጅ ቋንቋ የገለጸው ነገር፣ ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት የተናገረው ቃል፣ ክብደት ያለው እዚያ ነው። ለዚህ የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ በቪዲዮ መቀረጽ አለበት፤ አለዚያ ዳኛው የሚያነበው የመርማሪውን ማጠቃለያ ነው። ደንግጦ ልጁን ደጋግሞ በጠየቀ ወላጅ አልፈርድም፤ ግን የጠየቀበትን ቃል ሳይደብቅ ማስመዝገብ አለበት። አንድ መሪ ጥያቄ ስለተገኘ ብቻ ቃሉን በሙሉ መጣልም ያው ስህተት ነው።

ቀንና ቁጥር ላይ መንጠልጠል

ጥቃቱ የተደጋገመበት ሕፃን አንዱን ቀን ከሌላው ያቀላቅላል። “ስንት ጊዜ?” የሚለው ጥያቄ አዋቂን እንኳን ያስታል። ማን እና ምን በሚለው ላይ ያለ ተቃርኖ ግን በልጅነት ተሳቦ መታለፍ የለበትም።

ዕድሜን አጥር ማድረግ

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ገና በ1895፣ በአንድ የግድያ መዝገብ፣ የአምስት ዓመት ልጅ በዕድሜው ብቻ ከምስክርነት እንደማይታገድ ወስኗል። የሚታየው እውነትን ከውሸት መለየቱና ያየውን መናገር መቻሉ ነው።

እንባ መቁጠር

አንዱ እያለቀሰ ይናገራል፣ ሌላው ፊቱ ሳይለወጥ። ሁለቱም የእውነት ማረጋገጫ አይደሉም። ሕፃኑ ከተከሳሹ ተለይቶ በቴሌቪዥን መስኮት መመስከሩም የተከሳሹ ጥፋተኝነት ምልክት ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

ነጻ መባልን “ልጁ ዋሸ” ብሎ ማንበብ

ችሎቱ ያለው ክሱ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ አልተረጋገጠም ነው። ዳኛ ሕፃኑን አምኖ እንኳ፣ አጥቂው ማን እንደሆነ ጥርጣሬ ሊቀርበት ይችላል።