የአሮጌ መኪና የነዳጅ መስመር እንዴት ይቀየራል

ያረጀ የነዳጅ ጎማ በዓይን አይታመንም። ከውጪ ሲያዩት ደህና ነው። ቆርጣችሁ ለሁለት ስትሰነጥቁት ግን ውስጡ ተፈረካክሶ፣ ጥቁር ፍርፋሪው ጣት ላይ ይቀራል። ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለውን ክፍል) የሚደፍነው ያ ነው። ቤንዚን ውስጥ ኢታኖል ካለበት ደግሞ የድሮ ጎማ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ አንዱን ከቀየራችሁ ሁሉንም ቀይሩ።

ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ቦታው አየር ያግኝ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ፣ የዱቄት እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይሁን። ነዳጁን ከሰልባትዮው (ከነዳጅ ታንከሩ) ወደሚከደን ዕቃ ገልብጡ። በገመድ የሚንጠለጠል አምፖል አትጠቀሙ፤ ወድቆ ከተሰበረ ትነቱን ያቀጣጥላል።

ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ነዳጅ ወደ ሞተሩ የሚወስድ መላኪያና ትርፉን የሚመልስ መመለሻ ካለው ምልክት አድርጉበት። የብረቱን መስመር ሳታጣምሙ አውጡት፤ የአዲሱ ቅርጽ የሚወሰደው ከሱ ነው።

ንጹህ መዳብ አልመክርም። በንዝረት እየደረቀ ይሄድና ይሰነጠቃል። የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ግን በእጅ ይታጠፋል፣ አይዝግም፤ ለመሥራትም ደስ ይላል። በቱቦ መቁረጫ ቁረጡት፣ ጠርዙን አለስልሱ፣ ውስጡን በአየር ንፉት።

ብዙ ሰው የሚዘለው ጫፉን ነው። ጎማው የሚገባበት የብረት ጫፍ ዙሪያውን ትንሽ ማበጥ አለበት። ልሙጥ ከሆነ ፋሸታው (ጎማውን ዙሪያውን የሚያጠብቀው ማሰሪያ) የቱንም ያህል ቢጠብቅ፣ ግፊትና ንዝረት ጎማውን ቀስ እያለ ይገፋዋል። ከዚያ ቤንዚን ትኩስ ሞተር ላይ ይረጫል። በሁለት ደረጃ የሚሠራ ፍሌር ማውጫ (የቱቦ ጫፍ የሚያሰፋ መሣሪያ) ካላችሁ የመጀመሪያው ደረጃ ጫፉን ያሳብጠዋል፤ እዚያ ላይ አቁሙ። ጎማውን ከእብጠቱ አሳልፋችሁ 25 ሚሊ ሜትር ያህል አስገቡት። ፋሸታው ከእብጠቱ ኋላ፣ ከብረቱ ጫፍ ራቅ ብሎ ይታሰር እንጂ በላዩ አይሁን። ዙሪያው የተበሳሳው ተራ ፋሸታ ሲጠብቅ ጎማውን ይበላዋል። ውስጡ ልሙጥ፣ ጠርዙ ወደ ውጪ የታጠፈውን የኢንጄክሽን ፋሸታ ግዙ።

ጎማው ላይ ጄ30 አር9 (J30 R9) የሚል የነዳጅ ጎማ ደረጃ ጽሑፍ ፈልጉ። ለካርቡሬተር ግፊት አር6 ይበቃል፤ ኢታኖልን በመቋቋም ግን አር9 ይሻላል፣ እኔ እሱን ነው የምገጥመው። ሰልባትዮ ውስጥ ለሚነከር ጎማ ግን አር10 ነው የሚገባው።

መስመሩን ከጭስ ማውጫው አርቃችሁ ሻሲው ላይ ጎማ ባለው መያዣ እሰሩት። ባትሪውን መልሱ፣ ሞተሩን አስነሱ። እያንዳንዱን መጋጠሚያ በደረቅ ነጭ ወረቀት ጥረጉ። ከረጠበ ወዲያው አጥፉና መጋጠሚያውን እንደገና ሥሩት። ሞተሩ ሞቆ ከበረደ በኋላም አንድ ጊዜ ጥረጉት፤ አንዳንዱ ማፍሰስ የሚጀምረው ያኔ ነው።