ቤት የሠራችሁት ሎንግቦርድ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ከፕላይውድ ሎንግቦርድ፣ ማለትም ባለ አራት ጎማ ረጅም መንሸራተቻ ሰሌዳ፣ ለመሥራት መጋዝ፣ ትራፓኖ፣ ጥሩ ኮላና በቂ ሞርሳ ካለ ይበቃል። ችግሩ የሚመጣው ሰሌዳው ተጠናቆ መንገድ ላይ ሲወጣ ነው፤ ወደ ጎን ይጎትታል፣ ይርገበገባል፣ ጠርዙ ይሰነጠቃል። ያኔ ብዙ ሰው አዲስ ጎማ ወይም አዲስ ኩሽኔታ ለመግዛት ይሮጣል። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ሰሌዳውን ገልብጡና ሁለት ነገር መርምሩ፦ የኮላውን መስመርና የብሎን ቀዳዳዎቹን። ቤት ውስጥ በተሠራ ሰሌዳ ላይ የሚታየው ጣጣ አብዛኛው የሚነሳው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው።

ንጣፎቹ ሲላቀቁ

ጠርዙ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይታያል፣ ስትቆሙበት ይንቋቋል፣ በጣት ሲንኳኳ አንዱ ቦታ ከሌላው የተለየ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። የተላቀቀውን ቦታ በጥንቃቄ ከፈት አድርጋችሁ ውስጡን እዩት፤ መንስኤውን ራሱ ይነግራችኋል።

የኮላው ገጽ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ሆኖ የእንጨት ጭረት ካልያዘ፣ ንጣፎቹ ከመጠበቃቸው በፊት ኮላው ደርቋል ማለት ነው። ሰፊ ገጽ እየቀባችሁ ስትዘገዩ የሚደርስ ነገር ነው። ኮላው እንደ ኖራ ነጭና ተፈርፋሪ ከሆነ ሥራው የተሠራው በብርድ ነው፤ ነጭ ኮላ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በደንብ አይያዝም። አንድ ቦታ ላይ ወፍሮ ተጠራቅሞ ከደረቀ ደግሞ ሞርሳው እዚያ አልደረሰም። እንጨቱ ራሱ አብጦ ከጠቆረ ጥፋቱ የውሃ ነው፤ ጠርዙ በቫርኒሽ በደንብ አልተደፈነም።

ስንጥቁ ከጫፍ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ከገባ ይድናል። ነጭ ኮላ ግን ቀድሞ በደረቀ ነጭ ኮላ ላይ በቅጡ ስለማይጣበቅ ለጥገና ኢፖክሲ ተጠቀሙ። በቀጭን ምላጭ ወይም በመርፌ ሲሪንጅ ወደ ውስጥ አስገቡ፣ በሞርሳ አጥብቁና እስከ ማግስቱ አትንኩት። መላቀቁ እግር የሚቆምበት ቦታ ወይም ጎማዎቹን የሚይዘው ብረት፣ ማለትም ትራኩ፣ የታሰረበት ቦታ ከደረሰ ግን ሰሌዳውን ተዉት። በፍጥነት ላይ እያላችሁ የሚሰበር ሰሌዳ የሚያደርሰውን ጉዳት ከአንድ ፕላይውድ ዋጋ ጋር አታነጻጽሩት።

በሚቀጥለው ሥራ ውሃ የሚቋቋም የእንጨት ኮላ ምረጡ፤ የሚገናኙትን ሁለቱንም ገጾች በሮለር ቀቡ። ሞርሳዎቹን በየ10 ሴንቲ ሜትሩ አድርጉ፣ ከሥራቸውም ግፊቱን የሚያከፋፍል ወፍራም እንጨት አስገቡ። ሲጠብቅ ኮላው በጠርዙ ዙሪያ ሁሉ ጠብ ጠብ እያለ መውጣት አለበት፤ ያልወጣበት ቦታ ካለ ውስጡ ባዶ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ከዚያ 24 ሰዓት ጠብቁ።

ቅርጹን ሲለቅ ወይም ሲጣመም

ንጣፎቹ ተጣብቀው እስኪደርቁ ከሚታሰሩበት ቅርጽ ማውጫ ሲወጣ ቀስት የነበረው ሰሌዳ በከፊል ተመልሶ ቀጥ ይላል። ፕላይውድ ሁልጊዜ ትንሽ ይመለሳል፤ ምን ያህል የሚለው በንጣፎቹ ብዛት ይወሰናል። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ለማግኘት ሁለት ባለ 6 ሚሊ ሜትር ከማጣበቅ አራት ባለ 3 ሚሊ ሜትር ማጣበቅ ቅርጹን በተሻለ ያስጠብቃል። ለሚመለሰውም አስባችሁ ቅርጽ ማውጫውን ከምትፈልጉት ትንሽ ጠለቅ አድርጉት።

መጣመም የባሰ ነው። ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎችን በሰሌዳው ሁለት ጫፎች ላይ አጋድማችሁ ከፊት በአንድ ዓይን ተመልከቱ፤ ዘንጎቹ ትይዩ ካልሆኑ ሰሌዳው ተጠማዟል። ወይ ቅርጽ ማውጫው ራሱ ጠማማ ነበር፣ ወይ ቫርኒሹ በአንድ ወገን ብቻ ተቀብቶ ሌላው ወገን እርጥበት ጠጥቷል። ጥቂት ከሆነ በትራኩ አንድ ጎን ሥር ስስ ሽብልቅ ማስገባት ይረዳል። ብዙ ከሆነ የሚያቃናው ነገር አላገኘሁም።

ከመጠን በላይ ሲረግብ

መጀመሪያ የላይኛው ንጣፍ ጭረት በሰሌዳው ርዝመት መሄዱን አረጋግጡ። ወደ ጎን ከሄደ ሰሌዳው ደካማ ነው፤ መሰንጠቁም አይቀርም። ጭረቱ ትክክል ሆኖ ከረገበ ውፍረቱን ለኩ። ከ12 ወደ 9 ሚሊ ሜትር መውረድ ቀላል ይመስላል፤ ግትርነቱ ግን ከግማሽ በታች ይወርዳል። የሁለቱ ትራኮች ርቀትም እንዲሁ ነው፦ በ10 በመቶ ብታቀራርቧቸው መርገቡ በሩብ ገደማ ይቀንሳል። አዲስ ቀዳዳ መብሳት ብቻ ስለሚጠይቅ እኔ መጀመሪያ የምሞክረው ይህንን ነው። ካልበቃ ከሥር በኩል የፋይበርግላስ ጨርቅ በኢፖክሲ አልብሱት። ስትቆሙበት የሚሳበው የሥረኛው ገጽ ስለሆነ ጨርቁ የሚጠቅመው እዚያ ነው።

ወደ አንድ ጎን ሲጎትት

ሳትወጡበት ለጥ ባለ ወለል ላይ ገፋ አድርጉት። ባዶውን ቀጥ ብሎ ሄዶ ስትወጡበት ብቻ ከጎተተ የአቋቋማችሁ ወይም የቡሺንጎቹ፣ ማለትም በትራኩ ውስጥ ያሉት የላስቲክ ቀለበቶች፣ ጉዳይ ነው። ባዶውንም ከጎተተ ትራኮቹ ትይዩ አይደሉም። በግራ በኩል ከፊተኛው አክስል ጫፍ እስከ ኋለኛው ለኩ፣ በቀኝም እንዲሁ፤ ሁለቱ ልኬቶች እኩል መሆን አለባቸው። ሰያፎቹንም ለኩ።

ልዩነቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ቀዳዳዎቹን ከ5 ወደ 6 ሚሊ ሜትር አስፍታችሁ ትራኩን አስተካክላችሁ እሰሩ። ከበለጠ ቀዳዳዎቹን በክብ እንጨትና በኮላ ድፈኑ፣ ሲደርቅ እንደገና ብሱ። መሃል መስመሩን ቅርጹ ከመቆረጡ በፊት አስምሩ፤ ጠርዙ ከተቆረጠና ከተሞረደ በኋላ ትክክለኛውን መሃል ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የተለመደው የቀዳዳ አቀማመጥ በስፋት 41.3፣ በርዝመት 53.98 ወይም 63.5 ሚሊ ሜትር ነው። ብዙ ትራኮች ስድስት ቀዳዳ ያላቸው ሁለቱንም እንዲቀበሉ ነው። ስትበሱ ከሥር ቁራጭ እንጨት አድርጉ፤ አለዚያ ፑንታው ሲወጣ የሥሩን ንጣፍ ይገነጥለዋል።

ወደ ግራ ስታዘነብሉ ወደ ቀኝ የሚዞር ከሆነ ደግሞ ትራኮቹ ፊትና ኋላቸው ተገላብጦ ታስረዋል። ፈታችሁ አዙሯቸው።

ፍጥነት ሲጨምር ሲርገበገብ

ይህ ሰው የሚጥል ችግር ነው፤ ስለዚህ ሳይፈታ ቁልቁለት አትሞክሩ፣ ሄልሜትም አድርጉ። ከላይ ያለውን የትራክ ልኬት ካለፋችሁ ወደ ቡሺንጎቹ ሂዱ። ለክብደታችሁ በጣም ለስላሳ የሆነ ቡሺንግ ትራኩን በራሱ ይወዛወዝ ዘንድ ይለቀዋል። ብዙዎች ዳዶውን አጥብቀው ሊያድኑት ይሞክራሉ፤ ቡሺንጉ ተጨፍልቆ ወደ ጎን ካበጠ ግን መጥበቁ መፍትሄ አይደለም፣ ጠንከር ባለ መቀየር ነው። የኋለኛው ከፊተኛው ይበልጥ ጠንካራ ቢሆን ይመረጣል፤ ኋላው ብዙ እንዳይዞር ያደርገዋል። አቋቋማችሁንም አስተውሉ፦ ክብደት ወደ ኋላ እግር ሲሄድ መርገብገብ ይጀምራል፣ ወደ ፊተኛው እግር ሲመጣ ይረጋጋል።

ጎማው ሰሌዳውን ሲነካ

ከሥር የተፋቀ ቅስት ምልክት ካያችሁ ስታዘነብሉ ጎማው እየነካ ነው፤ አጥብቆ ከያዘ ሰሌዳው ባለበት ይቆማል፣ እናንተ ትወረወራላችሁ። በቆመ ሰሌዳ ላይ ሙሉ ክብደታችሁን በአንድ ጠርዝ ላይ አሳርፋችሁ ፈትኑት። ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ማስነሻ ፕላስቲክ በትራኩና በሰሌዳው መካከል አስገቡ፤ ብሎኖቹም በዚያው ልክ መርዘም አለባቸው። ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ማጎድጎድም ይቻላል፤ ግን ከ2 ሚሊ ሜትር አትለፉ፣ ጥንካሬውን እየበላችሁ ነውና።

ትንንሾቹ

ጎማ የማይዞር ከሆነ የአክስሉን ዳዶ ትንሽ አላሉት፤ ጎማው ለጣት በሚሰማ መጠን ወዲያ ወዲህ ማለት አለበት። ካልተለወጠ ኩሽኔታው ውስጥ ቆሻሻ ገብቷል። መቀየር ካለበት መለያው 608 ነው፦ ውስጡ 8፣ ውጪው 22፣ ስፋቱ 7 ሚሊ ሜትር።

ስትዞሩ የሚጮኸው የትራኩ ጫፍ የሚያርፍበት የፕላስቲክ ጽዋ ነው፤ ደረቅ ሳሙና ፍቃችሁ ብትንትኑን ጨምሩበት። እግር የሚይዘው ሸካራ ላስቲክ አረፋ ካወጣ በመርፌ ብሱና ተጫኑት። በብዙ ቦታ ከተነሳ ግን ቫርኒሹ ሳይደርቅ ተለጥፏል፤ ንቀሉት፣ ቫርኒሹን ጊዜውን አስጨርሱትና አዲስ ለጥፉ።

ብሎኖቹ እየላሉ የሚያስቸግሩ ከሆነ ውስጡ የናይለን ቀለበት ያለውን ዳዶ ተጠቀሙ። አዲስ ሰሌዳ ላይ እንጨቱ በብሎኑ ሥር ትንሽ ስለሚጨፈለቅ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ሁሉንም አንድ ጊዜ እንደገና አጥብቁ።