የናግራን ዓመት አልገጥም ካላችሁ፦ 515፣ 516፣ 518፣ 523 ወይስ 835?

ኅዳር 26 የናግራን ሰማዕታት ይታሰባሉ አይደል፣ እና ለጉባኤ የምትሆን ትንሽ የዘመን ሰንጠረዥ ልስራ ብዬ ኤክሴል ከፍቼ ቁጭ አልኩ፣ ማታ ላይ ሳየው አንዱ ታሪክ አምስት ቦታ ተበታትኗል። ናግራን ማለት ዛሬ ደቡብ ሳዑዲ ያለችው ናጅራን ናት፣ እዛ አገር የሰራ ሰው ያውቃታል። የሂምያር (የጥንቷ የመን መንግሥት) ንጉሥ ዩሱፍ፣ እኛ ፊንሐስ የምንለው አረቦቹ ዙ ኑዋስ የሚሉት፣ ክርስቲያኖቹን የፈጀበት ዓመት ነው ያስቸገረኝ።

ችግር፦ ወሬው ከድርጊቱ ቀድሞ ይደርሳል

ይሄኛው በጣም አስቆኛል። ስምዖን ዘቤት አርሻም የሚባል የዚያ ዘመን ጳጳስ በሱርስት በጻፈው ደብዳቤ በ835 ጃንዋሪ 20 ከሂራ (ዛሬ ኢራቅ ውስጥ ካለች ከተማ) ተነስተን መንገድ ላይ ሳለን ነው ወሬውን የሰማነው ይላል። ከ835 ላይ 312 ቀነስኩ፣ ጃንዋሪ 523 መጣ። ጥሩ። ግን ከናጅራን በላይ ያለው ቢር ሂማ ድንጋይ ላይ የዩሱፍ የጦር አዛዥ ራሱ ያስቀረጸው ጽሑፍ አለ፣ እሱ ደግሞ በ523 ጁን እና ጁላይ ጦሩ ገና ናግራንን ከቦ እንደነበር ነው የሚያሳየው። ታዲያ ስምዖን ከስድስት ወር በፊት ምኑን ሰማ?

ምክንያት፦ 835 የግሪኮች ዘመን ነው፣ ዓመተ እስክንድር የሚሉት። ሱርስቶቹ ዘንድ ዓመቱ የሚገባው ኦክቶበር 1 ነው እንጂ ጃንዋሪ አይደለም። ስለዚህ 835 ከኦክቶበር 523 እስከ ሴፕቴምበር 524 ነው፣ ሁለት የፈረንጅ ዓመት ላይ እግሩን አንፈራጦ የተቀመጠ ነገር።

መፍትሄ፦ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ከሆነ 312 ቀንሱ፣ ከጃንዋሪ እስከ ሴፕቴምበር ከሆነ 311። ደብዳቤው ጃንዋሪ 524 ላይ ይወድቃል፣ ግድያው በ523 መጸው፣ ወሬው ከወራት በኋላ፣ በግመል መንገድ ልክ ነው።

ችግር፦ አንዱ መጽሐፍ 518 ሌላው 523 ይላል

ድንጋዩ ላይ ያለው ቁጥር 633 ነው፣ የሂምያር ዘመን። የድሮ ተመራማሪዎች መነሻውን 115 ቅድመ ክርስቶስ አድርገው ነበርና 518 አወጡ፣ አሁን ብዙዎቹ የሚሰሩበት 110 ነው፣ 523 ይሰጣል፣ ከሱርስቱም ጋር የሚገጥመው እሱ ነው። መፍትሄው ቀላል ነው፣ የቆየ መጽሐፍ ላይ 518 ካያችሁ አምስት ጨምሩና እለፉ፣ ሌላ ጦርነት ነው ብላችሁ ሁለት መስመር እንዳትከፍቱለት (እኔ ከፍቻለሁ)።

ችግር፦ በኛ 515 ነው 516?

ሁለቱም። የድንጋዩ ጽሑፍ ሰኔና ሐምሌ ስለሆነ 515፣ ግድያው ግን መስከረም ከጠባ በኋላ ስለሆነ 516። ሰው ዝም ብሎ ስምንት ይቀንሳል፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ግን ሰባት ነው የሚቀነሰው፣ ይሄንን ሁላችንም ለልደት ቀናችን እናውቀዋለን ታሪክ ላይ ስንደርስ ይጠፋናል። ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ ባሕረ ሐሳብ አለ፦ 5500 ላይ 516 ሲደመር 6016፣ ለአራት ሲካፈል ቀሪ የለውም፣ ዘመነ ዮሐንስ። ከሱ በፊት ያለው ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜ ስድስት ነበረች።

እዚህ ጋር አንድ ነገር ልበል፣ በ523 ማንም ሰው 523 ብሎ አልጻፈም። ያንን አቆጣጠር ዲዮናስዮስ የሚባል መነኩሴ ሮም ላይ ያወጣው በ525 ነው። የአክሱም ሳንቲም ላይም ዓመተ ምሕረት አታገኙም። ሁሉም በኋላ ተቆጥሮ የተለጠፈ ነው።

ችግር፦ አፑ ቀኑን ሁለት ቀን ያዛንፋል

ኅዳር 26 ቀን 516 ብዬ ኮንቨርተር ላይ ሳስገባ ኖቬምበር 25 አለኝ፣ በእጄ ስቆጥር 23 ይመጣል። ምክንያቱም አፑ ዛሬ የምንጠቀምበትን ጎርጎርዮሳዊ ወደ ኋላ ጎትቶ ይቆጥራል፣ ያኔ ግን የነበረው ዩልዮሳዊ ነው፣ በዛ ክፍለ ዘመን ልዩነታቸው ሁለት ቀን ነው። ለስድስተኛው ክፍለ ዘመን ከአፑ ሁለት ቀን ቀንሱ።

የቀሩት ጥቃቅን ናቸው። 240 የሚል ካገኛችሁ የግብጽ ክርስቲያኖች ዓመተ ሰማዕታት ነው፣ 276 ደምሩበት በኛ 516 ይመጣል። 6032 ካለ የቢዛንታይን ዓመተ ዓለም ነው፣ ከኛ 6016 ጋር አታጋጩት፣ መነሻቸው ይለያያል። ሂጅራ የሚያወጣ አፕ ኔጋቲቭ ቁጥር ከሰጣችሁ ተዉት፣ ሂጅራ ሊጀምር ገና መቶ ዓመት ያህል ይቀረዋል።

እና የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብ ዩሱፍን ሊወጋ የዘመተበትን ዘመቻ ስታስገቡም ወሩን ጠይቁ። 525 ከጰራቅሊጦስ በኋላ ባሕሩን ተሻገረ ነው የሚባለው፣ መስከረም ሳይጠባ ያለው 517 ነው፣ ከጠባ በኋላ ያለው 518። ይሄ 518 ደግሞ ከላይ ካለው የፈረንጅ 518 ጋር እንዳይቀላቀልባችሁ አጠገቡ "በኛ" ብላችሁ ጻፉበት።