የቴስተሩ አምፖል ሁሉ በርቶ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ፦ ለጀማሪ የአይቲ ድጋፍ ባለሙያዎች ችግርና መፍትሄ

መብራት መኖሩን፣ ኬብሉ መሰካቱንና ኮምፒውተሩ ጠፍቶ መነሳቱን አስቀድመው አይተዋል ብዬ እጀምራለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች በድሬዳዋ ከከዚራ እስከ ሳቢያን፣ አልፎ አልፎም ሐረር ድረስ እየተጠራሁ የጠገንኳቸው ናቸው። ድግግሞሻቸው እኩል ስላልሆነ የምሰጣቸው ቦታም እኩል አይደለም።

ተገናኝቷል ይላል፣ ኢንተርኔት ግን የለም

ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍተው በአይፒኮንፊግ (ipconfig) ትእዛዝ የማሽኑን አይፒ አድራሻ ይመልከቱ። አይፒ አድራሻ እያንዳንዱ ማሽን በኔትወርኩ ውስጥ የሚታወቅበት ቁጥር ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያድለው ቢሮውን ከኢንተርኔት ጋር በሚያገናኘው ራውተር ውስጥ ያለው ዲኤችሲፒ የተባለው አገልግሎት ነው። ቁጥሩ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ማሽኑ አድራሻ ጠይቆ መልስ ሲያጣ ለራሱ የሰጠው ነውና፣ ዊንዶውሱን መነካካት ትተው ከማሽኑ እስከ ራውተሩ ያለውን መንገድ ይፈትሹ። ለ8.8.8.8 ፒንግ ሲያደርጉ፣ ማለትም «አለህ ወይ?» የሚል አጭር መልእክት ሲልኩ፣ መልስ እየመጣ ድረ ገጽ በስሙ ካልተከፈተ ደግሞ፣ ችግሩ ያለው ስምን ወደ ቁጥር በሚለውጠው ዲኤንኤስ ላይ ነው።

የቢሮው ማሽኖች በ192.168.1 ላይ ሆነው አንዱ ብቻ 192.168.0 ካሳየ፣ ጠረጴዛ ሥር ጎንበስ ብለው ይፈልጉ። ዋይፋይ እንዲደርሰው የፈለገ ሠራተኛ እዚሁ ድሬዳዋ ካለው ታይዋን ገበያ ራውተር ገዝቶ፣ ማንንም ሳያማክር ሰክቶት ይሆናል፤ ያ ራውተርም በበኩሉ ለጎረቤቶቹ አድራሻ ማደል ይጀምራል። የሁለተኛውን ራውተር ዲኤችሲፒ ያጥፉ፣ ለራሱ ከዋናው ጋር የማይጋጭ አድራሻ ይስጡት፣ ኬብሉንም ላን ከተባሉት ቀዳዳዎች በአንዱ ይሰኩ።

ኔትወርኩ ይቆራረጣል ወይም ይንቀራፈፋል፣ ቴስተሩ ግን ኬብሉ ደህና ነው ይላል

በዚህ ችግር ስንት ጊዜ እንደተጠራሁ መቁጠር ትቻለሁ። ቴስተር የምንለው በኬብሉ ሁለት ጫፍ ተሰክቶ የሽቦዎቹን መድረስ በአምፖል የሚያሳየውን መሣሪያ ነው። የኔትወርክ ኬብል ስምንት ሽቦ አለው፤ ሽቦዎቹም ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ አራት ጥንዶች ናቸው። መልእክቱ በአንዱ ጥንድ ሁለት ሽቦዎች ላይ ተቃራኒ ሆኖ ስለሚሄድ፣ ከጎን የሚመጣው ረብሻ በሁለቱም ላይ እኩል አርፎ መቀበያው ላይ እንዲጣፋ የሚያደርገው ይህ ጥምዝ ነው። አርጄ 45 በምንለው ኮኔክተር ላይ ደግሞ 1ኛና 2ኛው እግር አንድ ጥንድ፣ 3ኛና 6ኛው ሌላ ጥንድ፣ 4ኛና 5ኛው፣ እንዲሁም 7ኛና 8ኛው የየራሳቸው ጥንድ ናቸው።

ስህተቱ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ደንቡን ያልተማረ ሰው ቀለሞቹን እንደ ጥንዳቸው ጎን ለጎን ይደረድራል፤ ነጭ ብርቱካናማና ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴና አረንጓዴ፣ ነጭ ሰማያዊና ሰማያዊ፣ ነጭ ቡናማና ቡናማ። በሁለቱም ጫፍ እንዲሁ ስለሚያደርግ ቴስተሩ ከ1 እስከ 8 በተራ ያበራል፤ ምክንያቱም ርካሹ ቴስተር የሚጠይቀው ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ መድረሱን ብቻ ነው። በእውነቱ ግን በ3ኛው እግር የሚሄደው ነጭ አረንጓዴው፣ በ6ኛው የሚሄደው ሰማያዊው ስለሆነ፣ አብረው መጠማዘዝ የነበረባቸው ሁለት ሽቦዎች ተለያይተዋል። ኬብሉ 2 ሜትር ከሆነ ችግሩ ላይታይ ይችላል፤ 50 ወይም 60 ሜትር ሲሆን ግን መልእክቱ እየተበላሸ ይደርሳል።

ሳቢያን ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት የሂሳብ ክፍሉ ማሽን ትልቅ ፋይል በላከ ቁጥር ይቋረጥ ነበር። ከእኔ በፊት የመጣው ሰው የቢሮውን ኬብሎች የሚያገናኘውን ስዊች ቀይሯል፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ጭኗል፤ እኔም አፍሬ ልናገረውና፣ የኔትወርክ ካርዱን ቀይሬ ሁለት ቀን አባክኛለሁ። ጥበቃው ቴስተሩን እያየ «አቦ፣ ሁሉም በርቷል እኮ! ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ። እንዲህ ሲለኝ ኮኔክተሩን በስልኬ መብራት አስጠግቼ ብመለከት፣ ጥርት ባለው ፕላስቲክ ውስጥ አረንጓዴውና ነጭ አረንጓዴው ተጣብቀው ተቀምጠዋል። ትክክል ቢሆን ኖሮ የሰማያዊው ጥንድ በመካከላቸው መግባት ነበረበት። ሁለቱን ጫፍ ቆርጬ እንደገና ሠራሁት፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ማሽን አልተጠራሁም።

መፍትሄውም ይኸው ነው። ሁለቱንም ጫፍ ቆርጠው ጥለው በቲ568ቢ አደራደር ይሥሩ፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ጥምዙን ከ13 ሚሊሜትር በላይ አይፍቱ። የውጭው ልባስ ወደ ኮኔክተሩ ውስጥ ገብቶ በመያዣው ሥር መጨበጥ አለበት፤ ልባሱ ውጭ ቀርቶ ስምንቱ ሽቦዎች ብቻቸውን ከታዩ ያ ሥራ አልተሠራም፣ ሰው እግሩን ሲዘረጋ ይነቀላል። ጠቅላላ ርዝመቱ ከ100 ሜትር አይለፍ። ተቆርጦ በፕላስተር የተቀጠለ ኬብል ካገኙ ቀጠላውን ለማከም አይድከሙ፤ ኬብሉን ይቀይሩት።

አደራደሩ ትክክል ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ ሽቦውን ራሱን ይጠርጥሩ። በላዩ «ካት 6» የሚል የኬብል ደረጃ የተጻፈበት፣ ውስጡ ግን መዳብ የተቀባ አልሙኒየም የሆነ ኬብል ገበያውን ሞልቶታል። አንዱን ሽቦ በምላጭ ቢፍቁት መዳብ ከሆነ እስከ ውስጡ ቀይ ነው፤ አልሙኒየም ከሆነ ወዲያው ነጭ ይወጣል። ካርቶኑም ሲያነሱት ከመዳቡ ይቀላል። አልሙኒየም ኤሌክትሪክን ከመዳብ ይበልጥ ይቋቋማል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍም ይሰበራል። በዚሁ ኬብል መብራት የሚላክለት ካሜራ ካለ ደግሞ ሽቦው ይግላል፤ በድሬዳዋ ሙቀት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ይህን መዘርጋት ደንበኛን መጉዳት ነው። ለቤት ውስጥ የተሠራውን ኬብል በውጭ ግድግዳ የሚዘረጉትም አሉ፤ ፀሐይ ልባሱን ሰነጣጥቆ ያራግፈዋል።

ፍጥነቱ በድንገት ከ1000 ሜጋቢት ወደ 100 ከወረደ አብዛኛውን ጊዜ የሰማያዊው ወይም የቡናማው ጥንድ ተበጥሷል፤ ለ100 ሁለት ጥንድ ይበቃል፣ ለ1000 ግን አራቱም ያስፈልጋሉ።

ሌሎቹ

የስዊቹ አምፖሎች ሁሉ ባንድነት እየተርገበገቡ ቢሮው በሙሉ ከቆመ፣ ሁለቱም ጫፉ እዚያው ስዊች ላይ የተሰካ ኬብል ይፈልጉና ይንቀሉ። ተንጠልጥሎ ያየውን ጫፍ ባዶ ቀዳዳ ላይ የሚሰካ ቅን ሰው አይጠፋም።

ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ዋይፋይ ከክፍል ክፍል የማያልፈው በወፍራሙ የድንጋይ ግንብ ምክንያት ነው፤ ኬብል ስበው ዋይፋይ የሚያሰራጭ ሁለተኛ አክሰስ ፖይንት ይትከሉ።

ኮምፒውተሩ በግንቦት ሙቀት በራሱ ከጠፋ የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ ከአቧራ ያጽዱ፣ ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው ሙቀት የሚያሸጋግረውን፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስት ይቀይሩ። አየር ሲነፉ የፋኑን ክንፍ በጣትዎ ይያዙት። ፓወር ሰፕላዩን ግን አይክፈቱ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ውስጥ የሚቀረው መብራት ሰው ይጎዳል። ደግሜ እላለሁ፣ አይክፈቱት።

ማሽኑ እየጮኸ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ ራሙን (የማሽኑን ጊዜያዊ ማስታወሻ) አውጥተው እግሮቹን በላጲስ ጠርገው ይመልሱ።

መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚመለስና ድረ ገጾች «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚሉ ከሆነ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 ባለ 3 ቮልት ባትሪ አልቃለች። አዲስ ባትሪ ገብቶም ማስጠንቀቂያው ካልጠፋ ዓመተ ምሕረቱን ይመልከቱ። አንዲት ጸሐፊ ሰዓቱ ተሳስቷል ብላ በግድግዳው ካላንደር መሠረት በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስተካክላው ስለነበር፣ ማሽኑ ራሱን ሰባት ዓመት ከምናምን ወደ ኋላ አድርጎ የድረ ገጾቹን የደህንነት ሰርተፍኬት ሁሉ ገና ያልጸደቀ አድርጎ ይቆጥር ነበር። ቀኑን በፈረንጆቹ፣ የሰዓት ክልሉን በናይሮቢ (UTC+03:00፣ ከእኛ ሰዓት ጋር አንድ ነው) ሞልተው ያስቀምጡ፤ ከማሽኑ አጠገብም በወረቀት ጽፈው ይለጥፉ።